የአባ ቆፍር ቤትና የጃርት ቀብድ

ተረት ልዘርጋላችሁ? «ዘርጋው፣ እንቀመጥበት» በሉኛ! እንዲያ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ላይ የቆምከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ብርድ አታስገባብን። ደግሞ መሀል ላይ «ከዚያስ?» እያለ የሚያዋክበኝ ካለ ዝም እላለሁ። ከዚያ የሚመጣውን የማውቀው እኔ ነኝ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ጃርትና ሚስቱ ከወንዝ ዳር ካለ ሾላ ሥር ይኖሩ ነበር። ባልየውን አያ ጃርቶ፣ ሚስቱን እመት ጃርቲት ይሏቸዋል። የዚያን ጊዜ ጃርት የዛሬው ዓይነት ጃርት አይደለም። እሾሁ ጀርባው ላይ ብቻ አልነበረም። ግንባሩ እሾህ፣ ጉንጩ እሾህ፣ ደረቱ እሾህ፣ ሆዱ እሾህ። ከፊት ቢመጡበት ይወጋል፣ ከታች ቢመጡበት ይወጋል፣ ከኋላ ቢመጡበት ይወጋል። ነብር እንኳ ሲያየው መንገድ ይለቅለት ነበር።

እሾሁ ደግሞ መከላከያው ብቻ አልነበረም። የአውሬው ሁሉ ገንዘብ እሱ ነበር። ወፍ ጎጆዋን ትሰፋበታለች፣ ጦጣ ጠጉሯን ትከፍልበታለች፣ ዝንጀሮ ጥርሱን ይጎረጉርበታል። ሌላው ገንዘቡን ይቀብራል፤ ጃርት ግን ገንዘቡን ለብሶ ይሄዳል። ክፋቱ አንድ ነው። ከነሥሩ የተነቀለ እሾህ ተመልሶ አይበቅልም።

ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞላ። ሞላና ከሾላው ሥር ገባ። ጃርቲት ሁለት ጨቅላዎች ነበሯት፤ ሁለቱንም ውኃ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ የወንዙን ድምፅ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን ትይዝ ነበር። አሁን ደግሞ ሆዷ ገፍቷል፣ ሰማዩም መጥቆር ጀምሯል።

«ስማኝ አንተ» አለችው ባሏን። «እዚህ ቤት ሁለተኛ አልወልድም።»

«የት ትወልጃለሽ ታዲያ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ወይ ቤት ታገኝልኛለህ፣ ወይ ሜዳ ላይ እወልዳለሁ። ለውኃ ግን ከእንግዲህ ልጅ አልሰጥም።»

ጃርት ጨነቀው። ቤት ገዝቶ አያውቅም። አባቱም ገዝቶ አያውቅም። ሾላው ሥር ተወልዶ ሾላው ሥር ያረጀ ዘር ነው።

እንዲህ ሲጨነቅ ወሬ ደረሰው። ከወንዙ ወዲያ፣ ከጋራው ወገብ ላይ የሚኖረው አዋልዲጌሳ ቤቱን ሊለቅ ነው ተባለ። አዋልዲጌሳን ያላያችሁ፣ ጆሮው እንደ አህያ የረዘመ፣ አፍንጫው የሞጠሞጠ፣ ጥፍሩ ዶማ የሆነ ሽማግሌ ነው። ምስጥ ይበላል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ለዚህ ነው አገሬው አባ ቆፍር ያለው። ምስጡ ወደ ቆላ ስለሸሸበት ተከትሎ ሊወርድ ነው። ቤቱ ደረቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለሽሽት።

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» አለና ጃርት መካሪ ፍለጋ ወጣ። መካሪ መፈለጉ ደግ ነበር። የመረጣቸው መካሪዎች ግን እነማን መሰሏችሁ?

መጀመሪያ ኤሊ ዘንድ ሄደ። «እመት ኤሊ፣ ቤት ልገዛ ነው። ምን ላድርግ?»

ኤሊ አንገቷን ቀስ አድርጋ አወጣች። «አጣጥለው» አለችው። «ይሸታል በል፣ ይጠባል በል፣ ይጨልማል በል። የተናቀ ቤት ዋጋው ይወርዳል።» ይህን ብላ አንገቷን መለሰች።

ቀጥሎ ጎጆዋን ስትሠራ ወደዋለች ወፍ ሄደ። «እመት ወፍ፣ ቤት ልገዛ ነው። ምን ላድርግ?»

«አድንቀው!» አለችው ወፍ። «ቤት ለባለቤቱ እንደ ልጅ ነው። ልጁን ላጣጣለበት ማን ይድራል? ያምራል በል፣ ይሞቃል በል፣ እንዲህ ያለ አላየሁም በል።»

ቀጥሎ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ወደሚሞቅ እባብ ሄደ። በሩቁ ቆሞ ጠየቀው።

«ዝም በል» አለው እባብ። «መውደድህንም መጥላትህንም አይወቁብህ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

አያችሁልኝ? ኤሊ ቤቷን ተሸክማ የተወለደች ናት። ወፍ ሣር ለቅማ ራሷ የምትሠራ ናት። እባብ ያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ዘው የሚል ነው። ከሦስቱ ቤት ገዝቶ የሚያውቅ አንድም የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ጃርት ግን ሦስቱንም ምክር አንድ ላይ አስሮ፣ ተሸክሞ ወደ ጋራው ወጣ።

መንገድ ላይ ቁራ አገኘው።

«አያ ጃርቶ፣ የአባ ቆፍርን ቤት ልታይ ነው? እኔ ነኝ የማገናኘው። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

በዚያ አገር ወግ አለ። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ዋጋ አያወሩም። ካወሩ ባለጌ ያሰኛል። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ስለ ዝናብ ይጫወታሉ፣ ዋጋውን አገናኝ ያመላልሰዋል። ወጉ ባልከፋ። አገናኙ ቁራ ሆነ እንጂ! የቁራ መልክተኛ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እነሱ ግን ገና አላወቁም ነበር።

አባ ቆፍር በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ያጸዳል።

«እንደምን ከረሙ አባ ቆፍር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ከረምክ ልጄ? ባለቤትህስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምስጡስ?»

«ምስጡማ ሸሸ። ዝናቡ ዘንድሮ የሚፈጥን ይመስላል።»

«ይፈጥናል። ይፈጥናል።»

እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። ከዚያ ጃርት ጎንበስ ብሎ ገባ። መሬቱን ረገጠው፣ ደረቅ። ግድግዳውን ዳሰሰው፣ ጠንካራ። ከጣሪያው የግራር ሥር እንደ ወጋግራ ተጋድሟል። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ጨቅላ የሚያስተኙበት ጓዳ አለ። ጃርት ልቡ ዘለለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የሞቱት ልጆቹ ትዝ አሉት።

ምክሩም ትዝ አለው። «ይሸታል» አለ ጮክ ብሎ። ይህ የኤሊ ነው።

ቀጥሎ «ግን ሽታው ደስ ይላል» አለ። ይህ የወፍ ነው።

ቀጥሎ ዝም አለ። ይህ የእባብ ነው።

ትንሽ ቆይቶ «ይጨልማል» አለ። «እንዲህ ያለ የሚያምር ጨለማ አላየሁም» አለ። እንደገና ዝም አለ።

ቤቱ ግራ ገባውና ከጣሪያው ያለውን የግራር ሥር ጠየቀው። «ይህ እንግዳ ወደደኝ ወይስ ጠላኝ?»

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለ የግራሩ ሥር። «አንዴ ያሽሞነሙነናል፣ አንዴ ይሰድበናል፣ አንዴ ዱዳ ይሆናል።»

ውጭ የተቀመጠው አባ ቆፍርም ረጃጅም ጆሮዎቹን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

ጃርት ሲወጣ ቁራ ከግራሩ ላይ ወረደ። «እህስ?» አለው ወደ ጎን ወስዶ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ መጠየቅ ነበረበት። «ስንት አሉ?» ማለት። አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዋጋ ቀድሞ መጠየቅ ስስታም ያስመስለኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ምን አለ?

«ቤቱን ፈልጌዋለሁ። ቀብድ ብሰጥ ይከፋቸው ይሆን?»

«እንጃ» አለ ቁራ። «ብቻ ቀብድ የጠላ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ጃርት ግንባሩንና ጉንጩን ሊነቅል ተነሣ። እሾሆቹ ተንጫጩ።

«ጌታችን፣ እኛ ከሄድን ፊትህን ማን ይጠብቀዋል?»

«ዝም በሉ፤ የቀረው ይበቃኛል» አለና ነቀላቸው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቁራ እሾሆቹን በእቅፍ ሙሉ ይዞ በረረ።

በማግስቱ ጃርት ፊቱ እንደ ልጅ ጉልበት ተላጭቶ፣ ቁራን ሾላው ሥር ጠበቀው።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ።»

«ምንም? አነሳቸው ማለት ነው?»

«እንጃ» አለ ቁራ። «ከርከሮ በዚያ በኩል ሲያልፍ ግን አይቻለሁ።»

ጃርት ክው አለ። ከርከሮ! ከርከሮም ጉድጓድ ይወዳል። ሮጦ ጋራው ላይ ወጣና ከቁጥቋጦ ኋላ ተሸሽጎ አየ። እውነትም ከርከሮ ከአባ ቆፍር በር ላይ ቆሟል። ያወራሉ። ይስቃሉ። ከርከሮ በአፍንጫው ወደ ቤቱ ውስጥ ይጠቁማል። ምን እንደሚባባሉ አይሰማም። ባይሰማም ልቡ ሁሉንም ሰማሁ አለ። «አለቀልኝ» አለ ጃርት፣ «ሊነጥቀኝ ነው። ጃርቲት ሜዳ ላይ ልትወልድ ነው።»

ደረቱንና ሆዱን ሊነቅል ተነሣ። የሆዱ እሾሆች ለመኑት።

«ጌታችን፣ ፊትህን ሰጠህ። ሆድህን ደግሞ ለማን ትተህ?»

«ዝም በሉ፤ ጀርባዬ ይበቃኛል» አለና ነቀላቸው። ቁራ እሾሆቹን በእቅፍ ሙሉ ይዞ በረረ። በማግስቱ ተመለሰ።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ።»

«ይበቃ ይሆን?»

«እንጃ» አለ ቁራ፣ ላባውን እያበጠረ።

ጃርት ግራ ገባው። ጨመረ፤ ዝም አሉ። ደግሞ ጨመረ፤ ደግሞ ዝም አሉ። ዝም ያሉት ተቆጥተው ነው? አፍረው ነው? እባብ መክሯቸው ይሆን እንዴ? ሚስቱ «ምን ደረሰ?» ስትለው «ቀብድ ሰጥቻለሁ» ይላል። «ስንት ነው የተባልከው?» ስትለው «በመነጋገር ላይ ነን» ይላል። ከማን ጋር እንደሚነጋገር እሱም አያውቀውም።

አንድ ቀን ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ ከአባ ቆፍር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። አባ ቆፍር የተላጨ ፊቱን አየ። የተላጨ ደረቱን አየ። ጆሮው ወደ ታች ወደቀ።

«ጤና ነህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አይዞህ» አለው ሽማግሌው፤ ዓይኑን ወዲያ መለሰና መንገዱን ቀጠለ።

አይዞህ! ጃርት ቤቱ እስኪደርስ ይህን ቃል ሲያገላብጥ ሄደ። አይዞህ ማለት ይበቃል ማለት ነው? ወይስ በርታ፣ ጨምር ማለት ነው? ወይስ ለከርከሮ ሰጠሁት፣ ቻለው ማለት ነው? አንዱን ይዞ ሌላውን ሲጥል፣ የጣለውን አንስቶ የያዘውን ሲጥል ራሱ ዞረ። የቀረችው እሾህ የጀርባው ናት። እሷን ደግሞ መስጠት ፈራ። «እንግዲህ የፈቀደው ይሁን» ብሎ ሊተወው ቆርጦ ነበር። እንዲያ ቢያደርግ ጥሩ ነበር። ግን ሌላ ነገር መጣ።

እሱና ጃርቲት ሥራ ሥር ሊፈልጉ ሲወጡ ከርከሮን መንገድ ላይ አገኙት። ከርከሮ ጭራውን ቀጥ አድርጎ እየሮጠ መጣ።

«አያ ጃርቶ! እመት ጃርቲት! ቤት ለእምቦሳ!» አላቸው።

ቤት ለእምቦሳ የሚባለው ለማን ነው? አዲስ ቤት ለገባ ነው። መልሱስ? «እምቦሳ እሰሩ» ነው። መልሱን ዋጥ ማድረግ የመጣውን ምርቃት ደጅ ላይ ማሳደር ነው። ይሉኝታ ያለው ሰው ዋጥ አያደርገውም። ጃርትም ከነእሾሁ ይሉኝታ ነው። ቤቱን አልገዛ፣ አልገባ፣ ዋጋውን እንኳ አልሰማ! ግን ዝም ማለት አልቻለም።

«እምቦሳ እሰሩ!» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከርከሮ ለዝንጀሮ ነገረ፣ ዝንጀሮ ለጦጣ ነገረ፣ ጦጣ ላልሰማው ሁሉ ነገረች። ሚዳቋ ስታገኘው «ቤት ለእምቦሳ!» ድኩላ ሲያገኘው «ቤት ለእምቦሳ!» ቆቅ ከነጫጩቶቿ «ቤት ለእምቦሳ!» ጃርትም «እምቦሳ እሰሩ፣ እምቦሳ እሰሩ» ሲል ዋለ። ባለ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል።

አሁን መሸሻ የለውም። «ቤቱን ካልያዝኩ ምን እባላለሁ? በሌለ ቤቱ እምቦሳ ያሠረ ቀጣፊ እባላለሁ» አለ። ቁራን ጠራው።

«ጀርባዬንም እሰጣለሁ» አለው። «ይበቃ ይሆን?»

ቁራ ዓይኑ አበራ። «እንጃ እንግዲህ» አለ። «አንተ ካልክ።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ጃርት በሆዱ ተኛ። ቁራ ጀርባው ላይ ወጣና በአፉ አንዷን እሾህ ነከሳት። የጀርባው እሾሆች አንድ ላይ ጮኹ።

«ጌታችን! ከእኛ በኋላ የቀረህ ቆዳህ ነው!»

ጃርት ዓይኑን ጨፍኗል። ያን ጩኸት የሰማችው ጃርቲት ናት። ሆዷን በእጇ ደግፋ ከሾላው ሥር እያለከለከች ወጣች።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«ቤት እየገዛሁ ነው።»

«ራቁትህን ሆነህ?»

«ከርከሮ ሊነጥቀን ነው፤ አንቺ አታውቂም። በዓይኔ በሩ ላይ አይቼዋለሁ።»

ጃርቲት ቆም አለች። «ከርከሮ ነው መንገድ ላይ ቤት ለእምቦሳ ያለን» አለች። «ቤቱን የሚሻማን ከሆነ፣ ምን ቆርጦት ይመርቅልናል?»

ጃርት ከተኛበት ቀና አለ። ቁራም የነከሳትን እሾህ ቀስ ብሎ ለቀቃት።

«ለመሆኑ ባለቤቱ ስንት አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

«ጠይቀሃቸዋል?»

«በአፌ? ነውር አይደለም እንዴ!»

«ነውርስ ልጅ ለውኃ መስጠት ነው!» አለችና ወደ ጋራው መንገዱን ያዘች። እንባዋ እየወረደ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ እየደረሰ ወጣች። ጃርት እፍረት አንገቱን አስደፍቶት ከኋላዋ ተከተለ።

አባ ቆፍር በሩ ላይ ቁጭ ብሏል።

«እንደምን ከረሙ አባ ቆፍር?» አለች ጃርቲት።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። እንደምን ከረምሽ? ዝናቡ እንግዲህ...»

«ስለ ዝናቡ በኋላ እንጫወታለን አባቴ። ይቅር ይበሉኝ፣ ባለጌም ይበሉኝ። ቤቱን ስንት ነው የሚሉት?»

ጃርት ከሚስቱ ኋላ ተሸጎጠ። የግራሩ ሥር ከጣሪያው ላይ «እሰይ! አንድ ጠያቂ መጣ» አለ። አባ ቆፍር ግን ጆሮውን አቁሞ አያት። ፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር።

«ስንት? እኔ ስንት ብያለሁ?» አለ። «ለቁራ የነገርኩት እኮ ሌላ ነው። ቤት ሰው ካልገባበት ይፈርሳል፤ ልጅ ያለው ይግባበት አልኩት። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ ከቆላ ስመላለስ ዝናብ ከያዘኝ ከበሩ ጥግ ያስጠልለኝ አልኩት። ከርከሮ እንኳ እዚህ ቆሞ ማን ሊገባ ነው ቢለኝ፣ የጃርት ቤተ ሰብ ነው መሰለኝ፣ ባልየው መጥቶ አይቶታል፤ ጓዳውም ለጨቅላ ይመቻል ብዬው በአንድ ላይ ደስ አለን።»

«ቀብዱስ?» አለች ጃርቲት በቀጭን ድምፅ። «እሾሁስ?»

«የምን እሾህ?»

ጃርት ቀስ ብሎ ከሚስቱ ኋላ ወጣ። ግንባሩ ባዶ፣ ደረቱ ባዶ። አባ ቆፍር አየውና ነገሩ ገባው።

«ውይ ልጄ!» አለ። «እኔ እኮ ደዌ መስሎኝ ነው! እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ዓይኔን የመለስኩት። እሾህ ምን ያደርግልኛል? ምስጥ በእሾህ አይገዛ።»

ጃርት ቁጭ አለ። ማፈር ሲገባው ሳቁ መጣ፣ መሳቅ ሲጀምር እንባው መጣ። ሦስቱም ወደ ቁራ ጎጆ ሄዱ። ቁራ ከዛፉ ጫፍ ተቀምጦ እሾሁን ቤቱ ላይ ደርድሯል።

«አንተ ቁራ፣ ያልኩህን ለምን አልነገርካቸውም?» አለው አባ ቆፍር።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ቁራ። «ስንት አሉ ቢለኝ እነግረው ነበር። ቀብድ ብሰጥ ይከፋቸው ይሆን አለኝ፤ እንጃ አልኩ። አነሳቸው አለኝ፤ እንጃ አልኩ። ይበቃ ይሆን አለኝ፤ እንጃ አልኩ። ምንም አላሉ ያልኩትም እውነቴን ነው። ስላልነገርኳቸው ምንም አላሉ። እሱ ጨመረ፣ እኔ ተሸከምኩ።»

ምን ትሉታላችሁ እንዲህ ያለውን? አንዲት ውሸት አልተናገረም፤ አንዲት እውነትም አልተናገረም። እኔ በበኩሌ ውሸታም ይሻለኛል። አባ ቆፍር ዛፉን በጥፍሩ ሊቆፍር ሲጀምር ግን ቁራ ፈራና እሾሁን ሁሉ ወደ ታች በተነው።

ጃርቲት እሾሁን ለቀመች። ባሏን ቁጭ አድርጋ አንዷን ግንባሩ ላይ ተከለች። ወደቀች። ሌላዋን ተከለች። ወደቀች። ምራቋን ቀብታ ተከለች። ወደቀች። ከዚያ በኋላ እሾሁን መሬት ላይ ትታ ግንባሩን በእጇ ዳበሰችው። ጃርት ከተወለደ ጀምሮ ፊቱን ሰው ዳብሶት አያውቅም ነበር።

ዝናቡ ሳይጀምር ገቡ። ጃርቲት በጓዳው ውስጥ ሦስት ወለደች። ዝናቡ መጣ፣ ወንዙ ሞላ፣ የሾላውን ሥር ውኃ ሞላው። በጋራው ላይ ግን መሬቱ ደረቅ ነው። አባ ቆፍር ከቆላ ሲመላለስ ዝናብ ሲይዘው በሩ ጥግ ጆሮውን አጥፎ ይጠለላል፤ ዋጋው ይኸው ነው፣ በየጊዜው ይከፈላል።

አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ጨቅላዎቹ በር ላይ ሲንከባለሉ ነብር መጣ። ጃርት ሮጦ ወጣና እንደ ልማዱ በፊቱ ገጠመው። ነብሩ የተላጨውን ፊት አየና ሳቀ። መንገድ አልለቀቀም። እጁን አንሥቶ አንዴ በጥፊ ቢለው የጃርት ጉንጭ ተሰነጠቀ፣ ደም ዓይኑን ሸፈነው። ጨቅላዎቹ ጮኹ። ጃርት የሚያደርገው ጠፋው። ወደ ፊት እንዳይሄድ ፊት የለውም፤ እንዳይሸሽ ልጆቹ ኋላው ናቸው። ግራ ሲገባው ባለበት ዞረ። ዞረና ጀርባውን ነፋ፣ ነፍቶም በኋላው ሮጠ። ነብሩ አፉንም እጁንም ተወጋ። እያነከሰ፣ እያጓራ ወደ ጫካው ገባ። ጃርት ጨቅላዎቹን አንድ በአንድ አሸተታቸው። ሦስት ነበሩ፣ ሦስት ናቸው። ያን ጀርባ ለቁራ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ግን ምን ይሆን ነበር? እኔ አልናገረውም፤ እናንተው አስቡት።

እንግዲህ ተረቴ እዚህ ላይ ተጠቀለለ፤ ቤት ያለው ቤቱ ይግባ፣ የሌለው ከእኔ ጋር ይደር። ብቻ ስትወጡ ይህችን ያዙ፦ ቤቱን ያየህ ባለቤቱን ጠይቅ፣ ቁራን የጠየቅህ ጀርባህን ጠብቅ። ደግሞ ዱር ሄዳችሁ ጃርት ብታገኙ ጀርባውን አዙሮባችሁ ይቆማል። ባለጌ ነው እንዳትሉት፤ ፊቱን ባልተጠየቀ ዋጋ ቀብድ ከፍሎት ነው።